ስምንት ትንንሽ ቁልፎች፦ የኮምፕ128 ሙከራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። የእህቴ ልጅ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ስለ ሞባይል ስልክ ደኅንነት አንድ ጽሑፍ አንብባ ግራ ገብቷት መጣች። «ጋሼ፣ ሲም ካርድ ውስጥ ያለው ምሥጢራዊ ቁልፍ 128 ቢት ነው ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ በስምንት ሰዓት ውስጥ ተገኘ ይላል። ሊኖሩ የሚችሉት ቁልፎች ብዛት እኮ ሲጻፍ 39 አሃዝ ነው፤ እንዴት ሆኖ?» መልሱን የማውቅ መስሎኝ ጀመርኩ፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ ለእኔም እንዳልገባኝ ታወቀኝ። «በቃ፣ እንሥራውና እንየው» ብዬ ተገላገልኩ። ይህ ማስታወሻ የዚያ አፍ እላፊ ውጤት ነው።

መነሻውን ላስቀምጥ። ቢት ማለት ዜሮ ወይም አንድ የሆነ አንድ አሃዝ ነው፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ይሆናል፣ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል። በሁለተኛው ትውልድ ስልክ ማለትም በጂኤስኤም ካርዱና የስልክ ድርጅቱ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይይዛሉ፤ የመስኩ ሰዎች ኬአይ ይሉታል። ስልኩ ሲከፈት ኔትወርኩ 128 ቢት የሆነ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፤ ይህን ጥያቄ እንበለው። ካርዱ ያንን ቁጥርና ቁልፉን አዋሕዶ ሁለት ነገር ያወጣል፤ አንደኛው ወደ ኔትወርኩ የሚመለስ የ32 ቢት መልስ ነው፣ ሁለተኛው ንግግሩ የሚመሰጠርበት የ64 ቢት ጊዜያዊ ቁልፍ ነው። ዋናው ቁልፍ ከካርዱ አይወጣም። ሐሳቡ ያማረ ነው። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ግን «አዋሕዶ» በምትለው ቃል ላይ ነው፤ ውሕደቱን የሚሠራው ስልተ ቀመር (የስሌት ደንብ) ኤ3 እና ኤ8 ይባላል፤ እያንዳንዱ የስልክ ድርጅት የራሱን መምረጥ ይችል ነበር። በተግባር ግን ብዙዎቹ እንደ ናሙና የተሰጣቸውን ኮምፕ128 የሚባለውን እንዳለ ወሰዱት። አሠራሩ በምሥጢር የተያዘ ነበር።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1998 ማርክ ብሪሴኖ፣ ኢያን ጎልድበርግና ዴቪድ ዋግነር ከካሊፎርኒያ ምሥጢሩ እንደተፈታ አስታወቁ። ብሪሴኖ ያገኘው ሾልኮ የወጣ ሰነድ ጥቂት የጎደሉ መስመሮች ነበሩበት፤ ጎዶሎው ከእውነተኛ ካርድ ጋር እየተመሳከረ ተሞላ። ጎልድበርግና ዋግነር፣ ሁለቱ የበርክሌይ ተማሪዎች፣ ድክመቱን ለማግኘት የፈጀባቸው ጊዜ በጣም አጭር ነበር። ከዚያ ለካርዱ 150,000 ያህል ጥያቄ፣ በሰከንድ ስድስት ገደማ፤ የእህቴ ልጅ ያነበበችው ስምንት ሰዓት ከዚህ የመጣ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ወስነናል። በእጄ ያለው የድሮ ሲም ካርድ አንድ ብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ነው፤ አንዱንም አንነካም። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 761/2004 ቀልድ አያውቅም፤ እኔም ለማብራራት ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አልሻም። የምንጠቀመው ለሙከራ ተብሎ የሚሸጥ፣ ቁልፉን ራሳችን የምንጽፍበት ካርድ ነው። በርሊን ያለው ሲስሞኮም የሚሠራቸው ካርዶች የፈለጉትን ስልተ ቀመር እንዲመርጡ ይፈቅዳሉ፣ ኮምፕ128ንም ጭምር። አንድ ወዳጄ ከጀርመን ሲመለስ ሁለት ይዞልኝ ይመጣል። እስከዚያ ኮምፒውተር ላይ በሐሰተኛ ካርድ፣ ማለትም እንደ ካርዱ በሚመልስ ፕሮግራም እንለማመዳለን።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ዛሬ ኮምፕ128ን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩት። የሚያሳፍር አጭር ነው፤ ሠንጠረዦቹን ሳይጨምር አንድ ገጽ አይሞላም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 32 ባይት የሚይዝ አንድ መደርደሪያ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ 16 ቦታዎች ቁልፉን፣ የኋለኞቹ 16 ጥያቄውን ይይዛሉ። ከዚያ ስምንት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ደረጃ። በእያንዳንዱ ደረጃ ባይቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይገናኛሉ፤ የአንደኛው ዋጋና የሁለተኛው እጥፍ ይደመራል፣ ከዚያ በተቃራኒው የአንደኛው እጥፍና የሁለተኛው ዋጋ። ሁለቱ ድምሮች ሠንጠረዥ ውስጥ ተፈልገው እዚያ የተጻፈው ቁጥር በቦታቸው ይተካል። ለየደረጃው የራሱ ሠንጠረዥ አለ፤ የመጀመሪያው 512 ቁጥር አለው፤ ቀጥሎ 256፣ 128፣ 64፣ 32። የሚያወጡትም እየጠበበ ይሄዳል፤ መጀመሪያ 8 ቢት፣ ቀጥሎ 7፣ 6፣ 5፣ በመጨረሻም 4። ዙሩ ሲያልቅ 128ቱ ቢቶች ቦታ ተቀያይረው እንደ አዲስ ጥያቄ ይገባሉ። ቦታ የሚቀያይሩት የቦታ ቁጥራቸው በ17 እየተባዛ ነው።

ሠንጠረዦቹን መቅዳት ስችል በእጄ ተየብኳቸው። «በእጅ የተጻፈ በልብ ይቀመጣል» የሚል የተማሪ ቤት እምነት አለኝ። ከኦስሞኮም ነፃ ሶፍትዌር ጋር ሳመሳክረው ጉድ መጣ፤ አንዳንዱ ጥያቄ ልክ ይመልሳል፣ አንዳንዱ ፍጹም ሌላ ነገር ያወጣል። አንድ ሺህ ጥያቄ ሰጥቼ ብቆጥር አራት መቶ አካባቢው ስህተት ነው።

ሰኞ ማታ፣ ጥቅምት 10

ግማሽ ልክ የሆነ ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ ከተበላሸው ይልቅ ያሰቃያል። የቢት ማቀያየሪያውን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ ችግሩ እዚያ አልነበረም። ቁጭ ብሎ ማሰብ ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ በአንድ ዙር 32 ጊዜ፣ በስምንት ዙር 256 ጊዜ ይታያል። በውስጡ ካሉት 512 ቁጥሮች አንዱ ብቻ የተሳሳተ ቢሆን በአንድ ስሌት ውስጥ የመነካት ዕድሉ መቶ ላይ 39 ያህል ነው። አራት መቶ ከአንድ ሺህ! ስህተቱ ራሱ «አንድ ነኝ፣ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ውስጥ ነኝ» እያለ ሲጮህ ነበር።

የእህቴን ልጅ በስልክ ጠራኋትና እሷ ታነባለች፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ። ሁለተኛው ቁጥር ላይ ቆምን። 177 የሚለውን 117 ብዬዋለሁ። ከ512 ቁጥር ሁለተኛው! ሣቋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከታረመ በኋላ ውጤቱን ረጋ ብዬ አየሁት። የጊዜያዊው ቁልፍ የመጨረሻ ባይት ሁልጊዜ ዜሮ ነው፤ ከእሱ በፊት ያለው ባይት ደግሞ ሁልጊዜ ለአራት ይካፈላል። ማለትም ከ64 ቢት 10ሩ ባዶ ነው። ፈልጌ ያገኘሁት ነገር አይደለም፤ ገና መጀመሪያዎቹ ሃያ መስመሮች ላይ በዓይን ይታያል። 54 ቢት ብቻ የቀረው ቁልፍ ከ64ቱ በ1,024 እጥፍ ያነሰ ነው። ይህ በድንገት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ኮዱ ውስጥ መጨረሻውን ባይት ዜሮ የሚያደርግ መስመር በግልጽ ተቀምጧል። አንድ ሰው ተቀምጦ ጽፎታል። ንግግር ጠልፎ የሚሰማ ሰው እንዳይቸገር የተተወ በር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላ የሚያሳምን ምክንያት አልታየኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ዛሬ የእህቴ ልጅ መጣች፤ ዋናው ጉዳይ ላይ ገባን። 128 ቢት የት ላይ ነው የሚሰነጠቀው?

ማታ ሽሮ እየሠራሁ ነው ነገሩ የገባኝ። ዱቄቱን ጨምረህ ሁለት ጊዜ ብቻ ብታማስል ድስቱ ውስጥ ያለው ገና ሽሮ አይደለም፤ እዚህ እብጠት፣ እዚያ ውኃ ነው። ኮምፕ128 በዙሩ አምስት ጊዜ ያማስላል፤ ሁለተኛው ላይ ብናቆመውስ?

በመጀመሪያው ደረጃ የቁልፉ አንደኛ ባይት የሚገናኘው ከጥያቄው አንደኛ ባይት ጋር ብቻ ነው። በሁለተኛው ደረጃ እነዚህ ሁለቱ ስምንት ቦታ ርቀው ካሉት ጋር፣ ማለትም ከቁልፉ ዘጠነኛና ከጥያቄው ዘጠነኛ ባይት ጋር ይገናኛሉ። ከዚህ በኋላ አራት ባይቶች አሉ፤ ከሌሎቹ 28ቱ አንዱም አልነካቸውም። እያንዳንዳቸው 7 ቢት ስለሆኑ በድምሩ 28 ቢት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እዚህ ድሩ ገና ሳያብር ነው የሚያዘው፤ 128 ቢት ያለው ገመድ ስምንት ቀጫጭን ክሮች ሆኖ ተቀምጧል።

እና እንዴት ይጠቀሙበታል? የጥያቄውን 14 ባይት ባለበት ትተን አንደኛውንና ዘጠነኛውን ብቻ እንቀያይራለን። ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በሁለተኛው ደረጃ ላይ አንድ ዓይነት 28 ቢት ካመጡ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ አንድ ይሆናል፤ የካርዱ መልስም ሳይለያይ ይወጣል። እኛ የምናየው መልሱን ብቻ ነው፤ ሁለት ጥያቄ አንድ መልስ ሲሰጥ ግን ውስጥ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ይህን ግጭት እንበለው። ግጭት ከተገኘ የቀረው ቀላል ነው። ሁለቱን የቁልፍ ባይቶች፣ 65,536 አማራጮችን፣ አንድ በአንድ ሞክሮ የትኛው ይህን ግጭት እንደሚፈጥር ማየት። በአጋጣሚ ሌላ ጥንድም ተመሳሳይ ግጭት የማምጣት ዕድሉ ከአራት ሺህ አንድ አይሞላም። ከዚያ ወደ ሁለተኛውና አሥረኛው ባይት፣ ወደ ሦስተኛውና አሥራ አንደኛው፣ ስምንት ጊዜ።

የእህቴ ልጅ ዝም ብላ ቆየችና «ስለዚህ አንድ ትልቅ ቁልፍ አይደለም፤ ስምንት ትንንሽ ቁልፎች ናቸው» አለች። ይኸው ርዕሱ።

ግጭቱ እስኪገኝ ስንት ጥያቄ ያስፈልጋል? የልደት ቀን ስሌት ይሠራል። ክፍል ውስጥ 23 ሰው ካለ ሁለቱ አንድ ቀን የመወለዳቸው ዕድል ከግማሽ በላይ የሆነበት ያው ምክንያት። ለ28 ቢት አማካዩ 20,500 ጥያቄ ያህል ነው፤ በስምንት ሲባዛ 164,000። የ1998ቱ ሰዎች 150,000 ያሉት ከዚህ የራቀ አይደለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

በሐሰተኛው ካርድ ላይ ሞከርነው። ፓይተን ዘገምተኛ ነው፤ በሰከንድ 600 ጥያቄ ገደማ ይመልሳል። ለእኛ ይበቃል።

የመጀመሪያው ጥንድ በ18,204 ጥያቄ ተጋጨ፤ ፍለጋው ቁልፉን በአንድ ሰከንድ አወጣ፤ ልክ ነው። ሁለተኛው በ7,961፣ ሦስተኛው በ33,470። አራተኛና አምስተኛው አላስቸገሩም። ስድስተኛው ላይ ግጭት ተገኘ፣ 65,536ቱ ሁሉ ተሞከሩ፣ አንድም የሚስማማ የለም። ፕሮግራሙ «ባዶ» ብሎ ቆመ።

ሠንጠረዡን ዳግም ላየው እጄን ስዘረጋ የእህቴ ልጅ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ የምታነጻጽረው መልሱን ብቻ ነው ወይስ ጊዜያዊውን ቁልፍም?» መልሱን ብቻ ነበር፣ 32ቱን ቢት። ለዚህ ነው። የ32 ቢት መልስ፣ ካርዱ ውስጥ ምንም ሳይጋጭ፣ በዕድል ብቻ ሊመሳሰል ይችላል። በወረቀት አሰላነው፤ እውነተኛው ግጭት የ28 ቢት ጉዳይ ነው፣ የዕድሉ የ32፤ በመካከላቸው ያለው 16 እጥፍ ነው። ስለዚህ ከ17 ግጭት አንዱ ውሸት ነው። ስምንት ጊዜ ስንሠራ ቢያንስ አንዴ የመታለል ዕድላችን ከአምስት ሙከራ በሁለቱ። ጊዜያዊውን ቁልፍም አብረን ስናነጻጽር 32 እና 54 ተደምሮ 86 ቢት ይሆንና ውሸቱ ይጠፋል። ካርዱ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚሰጠው፣ በነፃ። እኔ ነኝ ግማሹን የጣልኩት።

ከታረመ በኋላ ሙሉው ቁልፍ በአምስት ደቂቃ አካባቢ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ካርዶቹ መጥተዋል። ወዳጄ በሻንጣው ስር በካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ አመጣቸው፤ የተከለከለ ነገር አስመሰለው። አንዱን ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት፤ ቁልፉን ጽፋ ሳትነግረኝ መለሰችልኝ። አሁን የምፈልገው ነገር የማላውቀው ነው፤ ጨዋታው ተለወጠ።

እውነተኛ ካርድ ዘገምተኛ ነገር ነው። ማንበቢያው ጥያቄውን በአንዲት ቀጭን መስመር ቢት በቢት ይልካል፣ ካርዱ ያስባል፣ መልሱን እንደገና ጠይቀን እንቀበላለን። በሰከንድ ዘጠኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አስጀመርነውና ወደ ሌላ ሥራ ዞርን።

ስድስት ሰዓት አካባቢ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ፤ ግድ አልሰጠኝም። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ባትሪውም አለቀ። የአራቱ ጥንዶች ቁልፍ ፋይል ላይ ተጽፏል፤ የአምስተኛው 19,000 መልስ ግን ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ነበር፣ አብሮ ሄደ። በየሺሁ ፋይል ላይ መጻፍ የሚባል ነገር እንዳለ እኔ ለሌሎች ሳስተምር የኖርኩት ሰው ነኝ።

መብራት የመጣው ማታ ነው። ከአምስተኛው ቀጠልን። ሌሊት አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስምንተኛው ጥንድ ወደቀ። ያለቀው ጥያቄ የጠፋውን ሳይጨምር 158,310 ነው፤ ንጹሕ ሥራው አምስት ሰዓት አይሞላም። 16ቱን ባይት ወደ ፊደል ስንመልሳቸው የእህቴ ልጅ ቁልፉ ውስጥ ስለ ሽሮዬ ጨው የጻፈችው አስተያየት ወጣ። እዚህ አልደግመውም።

ሁለተኛውን ካርድ ያንኑ ቁልፍ ጻፍንበት። ሁለቱን በተለያየ ማንበቢያ አድርገን ተመሳሳይ ጥያቄ ስንልክ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። ኔትወርክ ቢሆን መለየት አይችልም።

ከ1998 በኋላ ካርድ ሠሪዎች ዝም አላሉም። አንዳንዶቹ ስልተ ቀመሩን ሳይቀይሩ ቆጣሪ አስገቡ፤ ጥያቄው ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ ካርዱ ራሱን ይዘጋል። ግጭት የማይሰጡ ቁልፎች እየመረጡ የጻፉም ነበሩ። በሩ ሲሰነጠቅ ዘበኛ መቅጠር ነው፤ ሌባው 150,000 ጊዜ ካላንኳኳ ይሠራል።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

«ካርዱ እኮ ኪሴ ውስጥ ነው» አለች የእህቴ ልጅ። «አምስት ሰዓት ማንበቢያ ላይ ማን ይተውለታል?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እውነቱን ለመናገር እዚህ አገር የሰውን የሞባይል ገንዘብ የሚወስድ ሌባ ከስልተ ቀመር ጋር አይታገልም፤ ደውሎ «ሎተሪ ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል፣ ይነገረዋል።

ነገር ግን ካርዱን በእጅ መያዝ ግዴታ አይደለም። በጂኤስኤም ስልኩ ለኔትወርኩ ማንነቱን ያረጋግጣል፤ ኔትወርኩ ለስልኩ ምንም አያረጋግጥም። የጠየቀውን ሁሉ ይመልሳል። ሐሰተኛ አንቴና ያቆመ ሰው ስልኩን እየደጋገመ መጠየቅ እንደሚችል የ1998ቱ ሰዎች ራሳቸው ጠቁመዋል። በር አንኳኩቶ «ማን ነህ?» የሚለውን ሁሉ ስምህን የምትነግር ከሆነ ያንኳኳው ማን እንደሆነ የምታውቅበት መንገድ የለህም።

ሦስተኛው ትውልድ ይህን አረመ። ኔትወርኩ ከጥያቄው ጋር የራሱን ማረጋገጫና ተራ ቁጥር ይልካል፤ ካርዱ ካላመነ አይመልስም። ስልተ ቀመሩም በአብዛኛው ሚሌናጅ የሚባለው ነው፤ ልቡ ሪይንዳል፣ በኋላ ኤኢኤስ የተባለው የምሥጠራ ስልት ነው፤ አሠራሩ ለማንም ክፍት ሆኖ ታትሟል። ካርዳችንን ወደ ሚሌናጅ ቀየርነውና ያንኑ ፕሮግራም ለቀቅንበት። በአንደኛው ጥንድ 65,536ቱም ተጠየቁ፤ ግጭት የለም። ከዚህ በላይ የምጽፈው የለኝም፤ ጤነኛ ነገር አሰልቺ ነው። የጊዜያዊው ቁልፍ ጅራት ላይ የነበሩት ዜሮዎችም ጠፍተዋል።

ይሁንና ስልክ ወደ ኋላ ሊጎተት ይችላል። ሐሰተኛው አንቴና የአራተኛውን ትውልድ ምልክት አፍኖ 2ጂ ብቻ ካቀረበ ብዙ ስልክ ሳያንገራግር ይወርዳል። አንድሮይድ ከ12ኛው ትውልድ ጀምሮ፣ የስልኩ ሃርድዌር ከፈቀደ፣ 2ጂን መዝጊያ አለው። የእህቴ ልጅ ዘጋችው። እኔ አልዘጋሁም፤ ገጠር ያለችው እናቴ ዘንድ ስሄድ የሚይዘኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

እዚህ ላይ የማቆም ሐሳብ ነበረኝ። ነገር ግን አንድ ነገር ዕንቅልፍ ነሣኝ። እ.ኤ.አ. በ2002 የአይቢኤም ተመራማሪዎችና ባልደረባቸው፣ ራኦ፣ ሮሃትጊ፣ ሸርዘርና ቲንግዌሊ፣ የዚሁ የኮምፕ128 ካርድ ቁልፍ በስምንት ጥያቄ ብቻ እንደሚወጣ አሳይተዋል። 150,000 ሳይሆን ስምንት። ቆጣሪ ቢቀመጥ፣ ቁልፍ ቢመረጥ፣ በስምንት ጥያቄ ምን ይፈይዳል?

ምሥጢሩ ካርዱ ውስጥ ያለችው ኮምፒውተር ትንሽነቷ ነው። ባለ 8 ቢት ናት፤ በአንድ ጊዜ የምትቆጥረው እስከ 255 ነው። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ግን 512 ቁጥር አለው። ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል፤ የታችኛው ግማሽ እዚህ፣ የላይኛው እዚያ። ካርዷ የታችኛውን ስታነብና የላይኛውን ስታነብ የምትስበው ኤሌክትሪክና የምትለቀው ሞገድ ትንሽ ይለያል። በመሣሪያ ይታያል። አእምሮዋ ምን እንዳነበበ ሳይሆን ዓይኗ ወደ የትኛው መደርደሪያ እንደዞረ ማየት ማለት ነው።

ይህን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ኦሲሎስኮፕ፣ የለኝም። ስለዚህ በሐሰተኛው ካርድ ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሠንጠረዡን ባየ ቁጥር «ላይ» ወይም «ታች» ብቻ ይጽፍልኛል። ቁጥሩን አይነግረኝም። ከዚያ በላይ ማጭበርበር የለም።

አሁን ስሌቱን ተከተሉ፤ ቆንጆ ነው። የመጀመሪያው ድምር የቁልፉ ባይትና የጥያቄው ባይት እጥፍ ነው። ጥያቄውን 64 ካደረግሁ እጥፉ 128 ነው፤ ድምሩ 256 ደርሶ ወደ ላይኛው ግማሽ የሚገባው ቁልፉ 128 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነው። «ላይ» ካለኝ ቁልፉ ከ128 አያንስም፤ «ታች» ካለኝ ያንሳል። በአንድ ጥያቄ ግማሹ ወደቀ። ቀጥሎ የቀረውን ግማሽ እከፍላለሁ። ገበያ ላይ ዋጋ የሚከራከር ሰው የሚያደርገው ነው፤ ከመሐል ይጀምራል፣ «ይወደዳል» ካሉት ይወርዳል።

እጥፍ ስለሆነ በዚህ መንገድ የምከፍለው በሙሉ ቁጥሮች ጥንድ ጥንድ ነው፤ በሰባት ጥያቄ ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች ይቀራሉ፣ ለምሳሌ 86 ወይም 87። እዚያ ሁለተኛው ድምር ይረዳል፤ በእሱ የቁልፉ ባይት ነው የሚታጠፈው፣ ስለዚህ የአንድ ልዩነት ሁለት ሆኖ ይታያል። ጥያቄውን በልኩ ከመረጥኩ አንዱ ከድንበሩ በታች፣ ሌላው በላይ ይወድቃል። ስምንተኛው ጥያቄ ለዚህ ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ እያንዳንዱ የቁልፍ ባይት ከራሱ የጥያቄ ባይት ጋር ብቻ ስለሚገናኝ 16ቱን በአንድ ጊዜ እጠይቃለሁ። አንድ ጥያቄ 16 ጨረታ ይይዛል። ስምንት ጥያቄ፣ 128 ቢት፣ አለቀ። ሩጫው ከአንድ ሰከንድ በታች ነበር። ውጤቱን አምኜ ለመቀበል አሥር ጊዜ በአሥር የተለያየ ቁልፍ ደገምኩት፤ አሥሩም ልክ ናቸው።

ክፍት ስልተ ቀመርም ከዚህ ዓይነቱ ነገር አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 የሻንጋይ ጃኦ ቶንግ ዩኒቨርሲቲው ዩ ዩና ባልደረቦቹ የ3ጂና የ4ጂ ካርዶችን ቁልፍ ከኃይል ፍጆታቸው አውጥተዋል፤ ሚሌናጅ የጫኑ ካርዶች ነበሩ። ሒሳቡ አልተሰበረም፤ ካርዱ ነው ያወራው።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

የእህቴ ልጅ የትናንቱን አየች። እንደምትደነግጥ ጠብቄ ነበር። ወረቀት አወጣች።

«ጋሼ፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ ካርዱ ሁለት ነገር ነው የሚነግርህ፤ ለመጀመሪያው ድምር አንድ፣ ለሁለተኛው አንድ። አንተ እስከ ሰባተኛው ድረስ ሁለተኛውን እየሰማህ አትጠቀምበትም።»

ወረቀቷ ላይ 64ን አሰላችው። መጀመሪያው ድምር ድንበሩ 128 ላይ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከ96 እስከ 223 ያሉትን «ላይ» ይላል፣ የቀሩትን «ታች»። ሁለቱ አብረው ሲሰሙ 256ቱ አማራጭ ለሁለት ሳይሆን ለአራት ይከፈላል፤ 96፣ 32፣ 96፣ 32። አሁንም ግማሹን መልስ ጥዬ ነበር፤ ልክ እንደ ጥቅምት 16ቱ።

በስምንት መወሰን እንደሌለብን፣ በሰባት እንደሚያልቅ ትናገራለች፤ ምናልባትም በስድስት። ችግሩ ሁለቱ ድንበሮች በአንድ ጥያቄ የታሰሩ መሆናቸው ነው፤ አንዱን ወደሚመችህ ቦታ ስትወስድ ሌላው የማትፈልገው ቦታ ይሄዳል። የአማራጮቹን ዛፍ በሙሉ ለመፈተሽ ፕሮግራም መጻፍ ጀምራለች። ላፕቶፑን እንደያዘችው ነው፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሷል፤ ፋይል ላይ በየሺሁ እንድትጽፍ ብቻ ነግሬያታለሁ።